የቢረሳው ክንድ

በእኛ ከተማ አንድ ሰው ሲገዛ ሌላ፣ ሲሸጥ ሌላ ሆኖ ሲገኝ የምትወረወርበት አንዲት አባባል አለች። የተወረወረችበት ሰው ጋቢውን አስተካክሎ መንገዱን ይቀጥላል። ልጆቹ ዛሬ እንደ ዘፈን ይሏታል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቁም። እኔ የሰማሁትን እነግራችኋለሁ፤ የጨመርኳት ካለችም ትንሽ ናት። አባባሏን ግን የምታገኟት መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድማ ከወጣች ታሪኩን ጥላው ትሄዳለች።

ነገሩ የመጣው ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ቤት ሽያጭ ነው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ የሚኖሩት ከተማዋ ከገደሉ አፋፍ በምትደርስበት፣ ጉም እንደ ባለቤት ሳያንኳኳ በሚገባበት ሰፈር ነበር። ቤታቸው አሮጌ ነው። ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው በየዓመቱ ተለስኖ ተለስኖ የወፈረ ጭቃ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ በጥቀርሻ የጠቆረ የጽድ ምሰሶ። ነፋስ ሲነሳ ቤቱ በሙሉ እንደተኛ ሽማግሌ እህህ ይላል። ባላቸው አቶ አስታጥቄ ካረፉ ወዲህ፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጠዋት ጠዋት መደባቸው ላይ ጋደም እንዳሉ ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ምሰሶውን ሲዞር ያዩታል። "ግባ፣ ምን ያስቆምሃል" ይሉታል። ጎረቤታቸው ደብሪቱ ሰምታ "ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?" ስትላቸው፣ "እንግዳ ነው። አይበላ፣ አይጠጣ፤ እንዲህ ያለ እንግዳ ከየት ይገኛል" ብለው ይመልሱላት ነበር።

ቤቱን ለመሸጥ የተነሱት ስለ እህታቸው ነው። ታናሽ እህታቸው ከወንዙ ማዶ፣ ቆላ ትኖራለች፤ ዓይኗ እየደከመ መጥቷል። በፋሲካ ሰሞን በጨው ነጋዴዎች አፍ እንዲህ ብላ ላከች፦ "ብርሃኑ ጨርሶ ሳይሄድ ፊትሽን ልየው። ከዚያ ወዲያ ብትመጪም ለእኔ የሚመጣልኝ ድምፅሽ ብቻ ነው።" ወንዙ ደግሞ ሰኔ ሲገባ ይሞላል፤ ከሞላ እስከ መስቀል ሰው አያሻግርም። እስከዚያ ያ ዓይን ይቆይ አይቆይ የሚያውቅ አንድ ፈጣሪ ነው። ቤቱን ሳይሸጡ መሄድም አይሆንም፤ ባዶ እጅ ሄዶ ለደከመ ሰው ሁለተኛ ሸክም መሆን ነው።

ገዢው አቶ ጓንጉል ነበሩ፤ ገበያው አፍ ላይ ሱቅ ያላቸው ጨርቅ ነጋዴ። ያን ጊዜ አቡጀዲ የሚሸጠው በክንድ ነው፤ የሚለካው ደግሞ በሻጩ ክንድ ነው። አቶ ጓንጉል ደልደል ያሉ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ክንዳቸው ግን ምን ልበላችሁ፣ ከክርናቸው ተነስቶ ጣታቸው ዘንድ ሳይደርስ የደከመው ይመስላል። ሴቶቹ ሲያጉረመርሙባቸው፣ "ክንዴን የሠራው እግዜር ነው፤ ወጥታችሁ እሱን ክሰሱት" ይላሉ። ይሳቅና አጭሩ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይወሰዳል።

በሚያዝያ መጨረሻ በሰፈሩ ሽማግሌ በግራዝማች ዘርፉ ፊት ዋጋ ቆረጡ። እጅ ለእጅ ተመታቱ፣ እማኞች ተቆጠሩ፣ ግራዝማች መረቁ፣ ጠላ ተጠጣ። የቀረው በግንቦት መጨረሻ ውሉን መጻፍና መፈራረም ብቻ ነው። አቶ ጓንጉል ወር ሙሉ ዝም አሉ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ወፍጯቸውን ለደብሪቱ ሰጡ፣ ጋኖቻቸውን ለማኅበሩ፣ አልጋቸው ተፈታ። ዓርብ ጠዋት ከሚነሱት የጨው ነጋዴዎች ጋር በበቅሎ ሊሄዱ ተነጋገሩ። ባዶው ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው ሲያዩት ቤቱም የሚያያቸው ይመስላቸው ጀመር።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጓንጉል መጡ።

"እትዬ የሻሽ፣ ጣሪያውን ላስፈትሽ ነበር" አሉ።

"ወር ሙሉ ጣሪያው የት ሄዶብዎት ነበር?"

"ሥራ በዛብኝ።"

ጣሪያው ተፈተሸ፤ ደህና ሆነ። ማክሰኞ ደግሞ መጡ። "ምሰሶውን ምስጥ በልቶት እንዳይሆን" አሉ። አናጢ መጥቶ ምሰሶውን በቢላ ወጋ ወጋ አደረገው፤ ጽዱ ቢላውን መለሰው። ያገኙት ነገር ቢኖር የሠላሳ ዓመት ጥቀርሻ ብቻ ነው፤ እሱም በአቶ ጓንጉል ነጭ ጋቢ ላይ ወረደ። ረቡዕ ጋቢያቸውን ለውጠው መጡ።

"የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት" አሉ። "የግቢው ወርድ። አርባ ክንድ ነው ብለውኛል። በቃል ነው እንጂ በዓይኔ አላየሁም፤ ነገ ቀያሽ ይዤ እመጣለሁ።"

"አቶ ጓንጉል፣ ነገ ሐሙስ ነው።"

"አውቃለሁ። ከነገ ወዲያ ዓርብ ነው" አሉ አቶ ጓንጉል፣ እየሳቁ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ገባቸው። ሰውየው ቤቱን አልነበረም የሚፈትሹት፤ ወንዙን ነው የሚጠብቁት። መሄጃ ያጣ ሰው በተባለው ዋጋ ይስማማል።

ሐሙስ ጉሙ ያለ ልክ ወፍሮ ዋለ። ሰው ሦስት እርምጃ ከራቀ ድምፅ ብቻ ይሆናል። አቶ ጓንጉል ቀያሽ ብለው ይዘው የመጡት ቢረሳው የሚባል የንብ ቀፎ ሰቃይ ነው። ቢረሳው ክፉ ሰው አይደለም፤ ክንዱ ግን ለዛፍ የተሠራ ነው። ሳያጎነብስ ጉልበቱን ያክካል ይሉታል። በአገሩ እንደሱ ክንደ ረጅም የለም፤ አቶ ጓንጉል ደግሞ ጨርቅ ነጋዴ ናቸውና የሰው ክንድ መመዘን ያውቁበታል።

ቢረሳው ከበሩ ራስ ተንበርክኮ ክንዱን መሬት ላይ እያጋደመ፣ ጣቱ ባረፈበት ክርኑን እያሳረፈ በአጥሩ ሥር ሄደ። ግራዝማች ዘርፉ ከኋላው እየተከተሉ በየክንዱ አንድ ጠጠር ይጥላሉ። ወዲያው ሁለቱንም ጉሙ ዋጣቸው።

"ሰባት" አለ ጉሙ። "ስምንት።"

ወይዘሮ የሻሽወርቅ በራፉን ተደግፈው ቆሙ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበርና ቁጥሩ እሹሩሩ ሆነባቸው። "አሥራ አምስት" ሲል ዓይናቸው ተከደነ። ጉሙ ውስጥ ሌላ የሚለካ ሰው ታያቸው፤ ባላቸው አስታጥቄ። መሬት አልነበረም የሚለካው፤ ተጋድሞ አቡጀዲ ለብሶ ራሱን ነው የሚለካው። ከአቶ ጓንጉል ሱቅ የተገዛው መግነዝ በቀብሩ ቀን እግሩ ድረስ አልደረሰም ነበር። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ነጠላቸውን ቀደው ነው እግሩን የሸፈኑት። "ስንት ክንድ ገዛሽልኝ?" አላቸው አስታጥቄ በጉሙ ውስጥ፣ እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ። "የተባለውን ያህል ነው የገዛሁት" አሉት። "እንግዲያስ ጨርቁ አላጠረም" አላቸው፤ "ክንዱ ነው ያጠረው።"

"ሠላሳ አራት" አለ ቢረሳው፤ ከጉሙ ወጥቶ ጉልበቱን እያራገፈ። አጥሩ አልቋል።

አቶ ጓንጉል ራሳቸውን ነቀነቁ። "ስድስት ክንድ ጎደለ። እኔ ምን ላድርግ፣ እትዬ የሻሽ? የጎደለው ከዋጋው ይነሳል። አይ ካሉም ከመስቀል በኋላ ቀስ ብለን እንነጋገራለን።"

"አርባ ብዬ የለካሁት እኔ ነኝ" አሉ ግራዝማች ዘርፉ። "ቤቱ ሲሠራ፣ በዚህ ክንዴ።"

"የርስዎ ክንድ ያንስ ይሆናል፣ ግራዝማች። እርጅናም አለ።"

"ያኔ አላረጀሁም ነበር።"

አቶ ጓንጉል የቢረሳውን ክንድ ይዘው እንደ ባንዲራ ከፍ አደረጉት። "ክንድ ማለት ይህ ነው!" አሉ ለእማኞቹ። "ከዚህ ያነሰው ሁሉ ቁራጭ ነው።"

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ከሕልማቸው ገና ሙሉ በሙሉ አልወጡም ነበር። ድምፃቸው እንደ ተኛ ሰው ለስላሳ ሆኖ ወጣ።

"እሺ፣ ይቀነስ። ነገር ግን ነገ ሌላ ሰው ተነስቶ በሌላ ክንድ እንዳይሞግተን አሁን ያሉትን ያስጽፉልኝ። በዚህ ከተማ ክንድ ማለት የቢረሳው ክንድ እንደሆነ አምነው ይፈርሙልኝ፤ ልቤ እንዲያርፍ።"

"ይህማ ለእኔም ማሰሪያ ነው" አሉ አቶ ጓንጉል፤ ደስ አላቸው። ጸሐፊው ጻፈ፣ እማኞቹ ሰሙ፣ አቶ ጓንጉል አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ጫኑ። "ገንዘቡን ከሱቅ ይዤ እመለሳለሁ፤ ዋናውን ውል ከሰዓት እንጨርሳለን" ብለው ወረዱ። ግራዝማች ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ ወይዘሮ የሻሽወርቅን ረዘም አድርገው አዩዋቸው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ጉሙን ያዩ ነበር። ከእማኞቹ ኋላ ቆማ ትሰማ የነበረችው ደብሪቱ በቦታዋ አልነበረችም፤ ቀለሙ ሳይደርቅ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካለች። ቢረሳውንም ይዛው ነው የሄደችው፤ አንድ ቅል ጠላ ቃል ገብታለት።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ከአፋፉ ላይ ሆኖ ገበያው አይታይም፤ ይሰማል። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አዳመጡ። መጀመሪያ የተለመደው ጉምጉምታ ነበር። ቀጥሎ አንዲት ሴት ሳቀች። ቀጥሎ ብዙ ሴቶች ሳቁ። ሳቁ በጉሙ ውስጥ ከገደሉ ሥር እንደሚፈልቅ ውሃ እየሞላ፣ እየሞላ ወጣ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ የአስታጥቄን እግር እንደሚሸፍኑ ሁሉ ነጠላቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ ጓንጉል እያለከለኩ ደረሱ። ደብሪቱ ከኋላቸው ነበረች።

"እትዬ የሻሽ፣ መንገድ ሙሉ ሴት ተሰልፎብኛል። አሥር ክንድ በቢረሳው፣ ስምንት ክንድ በቢረሳው እያሉ! አንዷማ የዛሬ ሦስት ዓመት የገዛችውን ቀሚስ ይዛ መጥታለች።"

"እኔ ነኝ" አለች ደብሪቱ። "ጉልበቴ ላይ ነው የሚቀረው። ወረቀቱ ሲፈረም ሰምቻለሁ፣ አቶ ጓንጉል፤ ከዚያ ያነሰው ሁሉ ቁራጭ ነው አላሉም?"

"ለቤት አልኩ እንጂ!"

"ወረቀቱ ላይ ቤት አይልም" አሉ ግራዝማች ዘርፉ።

አቶ ጓንጉል ላባቸውን ጠረጉ። "ቤቱ አርባ ነው" አሉ በመጨረሻ። "በግራዝማች ክንድ አርባ ነው፤ ሙሉ ዋጋውን ይዣለሁ። ያችን ወረቀት ብቻ ይቅደዱልኝ።"

ውሉ ያኔውኑ ተጻፈ፣ ተፈረመ። ወረቀቷም ተቀደደች። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶው ቤት ገብተው ምሰሶውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉት። ጥቀርሻው በእጃቸው ቀረ፤ አልታጠቡትም።

ልባችሁ እንዲያርፍ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ደርሰዋል። ወንዙ ከበቅሎዋ ጉልበት በላይ ሳይሆን ተሻገሩት። እህታቸው ፊታቸውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችና ብዙ አየችው። "አርጅተሻል" አለቻቸው። "እንኳን አየሽልኝ" አሏት።

ይህ ግን በኋላ ነው። ዓርብ ማለዳ በቅሎዋ ተጭና፣ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ተቀምጠው፣ ነጋዴዎቹ ጉሙን እየሰነጠቁ ሲነሱ አቶ ጓንጉል የአዲሱን ቤታቸውን በር ይዘው ቆመው ነበር። ፊታቸው የአዲስ ባለቤት ፊት አይደለም። ዛሬም ሱቁ ደጃፍ ላይ ሴቶቹ ተኮልኩለው፣ ቢረሳውም መሐላቸው ተቀምጦ እንደሚጠብቃቸው ሰምተዋል።

"ግራዝማች፣ ወረቀቱ እኮ ተቀደደ" አሉ። "አሁንማ በራሴ ክንድ ብለካ ማን ይከለክለኛል?"

ግራዝማች ዘርፉ ለመሰናበት የበቅሎዋን ልጓም ይዘው ነበር። ልጓሙን ለቀቁት፤ በቅሎዋም ተንቀሳቀሰች። ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ኋላ ሰውም፣ ቤትም፣ አጥርም ጠፍቶ፣ ከነጩ ውስጥ የመጣላቸው የግራዝማች ድምፅ ብቻ ነበር፦

"ጓንጉል ልጄ፣ ቤት ሲገዛ የረዘመ ክንድ ጨርቅ ሲሸጥ አያጥርም።"