የአለት አናት ሸንጎ

ተረት ተረት፣ ጆሮ ላለው በረከት።

«ምክር ከአለት አናት ይወርዳል እንጂ ከገደል ሥር አይወጣም» ይል ነበር የአውራው ዝንጀሮ አባት። አውራውም ይህችን እንደ ዳዊት ሲደግማት ኖረ።

በዝንጀሮ ደንብ ወሬ የሚወራው ቅማል ሲለቃቀሙ ነው። አውራውና ስድስቱ ሽማግሌዎች ታዲያ እርስ በርሳቸው እንጂ ሌላ ቀምለው አያውቁም። አንዱ ጠዋት የተናገረውን ሌላው ማታ መልሶ ይነግረዋል፤ ሁሉም «ወይ ጥበብ!» ይላሉ።

ድርቅ ገባና ወንዙ ነጠፈ። ግልገሎቹ በጥም ይወድቁ ጀመር። ሽማግሌዎቹ «አዲስ መላ እንፍጠር» ብለው አለቱ ላይ ሰባት ቀን ተቃመሉ፤ ወደ ሰማይ አንጋጠውም «እግዚኦ!» አሉ። እግዜር ግን ቀድሞ መልሶላቸው ነበር። ከመንጋው ኋላ የምትጎተት አንዲት አንካሳ ከአለቱ ሥር ሆና፣ «ጌታዬ፣ የወንዙ አሸዋ ክንድ ያህል ቢቆፈር እኮ...» ማለት ጀመረች።

«ደግሞ አንቺን ማን ቀምሎሽ ነው አፍ ያወጣሽው?» አላት አውራው። ሽማግሌዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሷም እያነከሰች አገሩን ለቅቃ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ የአውራው የገዛ ልጁ ምላሱ ደረቀ። አባት ልጁን አዝሎ ውሃ ፍለጋ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሌላ መንጋ ወረደ። የማዶዎቹ ግልገሎች አሸዋው ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ እየጠጡ ይቦርቃሉ።

«ይህን መላ የትኛው ሊቃችሁ አገኘው?» አለ አንገቱን ደፍቶ።

አንድ የማያውቀው ዝንጀሮ ከጉድጓዱ ቀና እንኳ ሳይል መለሰለት፦

«ኧረ የእናንተዋ አንካሳ ናት! እኛማ ጀርባዋን ቀመልንላት እንጂ ምን እናውቃለን?»