የተራ አስከባሪው ልጅ የመረጠው ሒሳብ

አንድ ወጣት ከአንድ ቢሮ ደጃፍ ወረፋ ይዞ ቆሟል። እጁ ላይ አንድ ወረቀት አለ። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የአንድ ትምህርት ስም ብቻ ነው። ያንን ስም መጻፍ አቅቶታል።

ይሄ ምን ያስቸግራል ትሉ ይሆናል። ታገሡኝ።

ልጁ ይርዳው ይባላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ምህንድስናንና ንግድን አጣምሮ የሚያስተምር ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሲደርሱ፣ ከሒሳብ አንዱን ራሳችሁ ምረጡ ይባላሉ። እነሱ ኢሌክቲቭ ይሉታል። ለይርዳው ሁለት ቀርበውለታል። አንደኛው አብስትራክት አልጀብራ ነው፤ ቁጥር እንኳ የማይታይበት፣ ፊደል ከፊደል ጋር የሚታገልበት፣ ተማርኩት ያለ ሁሉ የሚከበርበት። ሁለተኛው የወረፋ ሒሳብ ነው። አዎ፣ ወረፋ። ሰው ባንክ ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ መናኸሪያ ሲሰለፍ ለምን እንደሚጨናነቅ፣ በምን እንደሚቀልለት የሚያጠና ትምህርት ነው።

የይርዳው ልብ የት ነበር? ወረፋው ላይ። ለምን? አባቱ አቶ ጥላዬ የዲላ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት፣ በፊሽካና በአንዲት ዱላ። ይርዳው ያደገው እዚያ ነው። የትኛው ሰልፍ እንደሚፈርስ ገና ሳይፈርስ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንዲት አስተማሪ ስለዚህ ሒሳብ ጥቂት ስትናገር፣ "ይሄን እኮ አባባ ያውቀዋል" ብሎ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ታዲያ ምን ያዘው? ያፌት ያዘው።

ያፌት የክፍሉ ልጅ ነው። የተማሩ ሰዎች ልጅ፣ አነጋገሩ የሚያምር፣ ሰው ሲያዋርድ እንኳ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። እንደዚህ ያሉትን ታውቋቸዋላችሁ። እኔም አውቃቸዋለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አቶ ጥላዬ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ፊሽካቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር፤ ማውለቁን ረስተውት። ያፌት አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የይርዳው ስም "ፊሽካ" ሆነ።

አሁን ሰዓቱ አሥር ተኩል ነው። ቢሮው አሥራ አንድ ላይ ይዘጋል። ወረፋው ደግሞ ወረፋ እንዳይመስላችሁ። ደብተር ነው፣ ቦርሳ ነው፣ ድንጋይ ነው። ተማሪው ተራውን ደብተር አስይዞ ካፌ ይሄዳል፤ ሲመለስ "ደብተሬ እዚህ ነበር" ይላል። ጸሐፊዋ ብቅ አለችና፣ "አሥራ አንድ ሲሆን እዘጋለሁ፤ ያልተመዘገበ ለሚቀጥለው ሴሚስተር ይምጣ" አለች። ይኼኔ ሁሉም በሩ ላይ ተከመረ። አንዲት ልጅ ግድግዳው ላይ ተጣብቃ "ክርኔን፣ ክርኔን" ትላለች።

ይርዳው አላሰበበትም። ወረቀቱን ኪሱ ከተተና ሁለት እጁን ዘረጋ።

"ፊርማ ብቻ የቀራችሁ በዚህ በኩል። አማካሪዋን መምህርት የምታነጋግሩ በዚያ በኩል። ደብተር አይሰለፍም፤ ባለቤቱ ይምጣ።"

ድምፁ የአባቱ ድምፅ ነበር። ታዘዙት። ፊርማ ብቻ የቀራቸው በየደቂቃው እየገቡ ወጡ፣ ኮሪደሩ ተነፈሰ። እሱ ራሱ ግን መጨረሻ ላይ ቀረ። አባቱም ሰውን ሁሉ መኪና ላይ አውጥተው ነው በእግራቸው ወደ ቤት የሚሄዱት።

ያፌት ከእሱ ፊት ገብቶ ወጣ። ሲወጣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ጎበዝ ፊሽካ። ወያላ ብቻ ነው የጎደለን።" የቆሙት ሳቁ። "የወረፋውን ኮርስ ብቻ እንዳትወስድ። ለአንተ መድገም ይሆንብሃል።"

አራት ደቂቃ ቀርቷል። ይርዳው ገባ። አማካሪዋ መምህርት ሰናይት ከወረቀታቸው ቀና አሉ።

"ሰልፉን ያስተካከልከው አንተ ነህ?"

"እንዲያው ነው፣ መምህርት።"

"እንዲያው አይደለም። ይሄ የወረፋ ሒሳብ አንድ ምዕራፍ ነው። ከየት አመጣኸው? ከቤተሰብህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ አለ?"

ወገኖቼ፣ በሩ ክፍት ነው። ያፌት ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

"የለም" አለ ይርዳው። ወረቀቱም ላይ "አብስትራክት አልጀብራ" ብሎ ጻፈ።

የለም አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ፀሐይ ላይ ቆመው ያሳደጉትን ሰው፣ የለም አለ።

አመሻሹ ላይ አባቱ ደወሉ። "እንዴት ዋልክ አባቴ? መረጥክ?"

"መረጥኩ አባባ።"

"ጎሽ። እኔ የምልህ፣ በገበያ ቀን የአዋሳው ሰልፍ ከአቅሜ በላይ እየሆነ ነው። ትናንት አንዲት ነፍሰ ጡር ገፍተው ጣሉብኝ። ተረፈች፣ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። እዚያ ከምትማሩት ውስጥ ስለ ወረፋ የሚል ነገር የለም?"

ይርዳው መለሰ፤ "የለም አባባ።"

"አይ፣ ምናልባት ብዬ ነው" አሉ፣ ዘጉት።

ሁለተኛው የለም ነው። አንደኛው ለሰው ፊት ነበር፤ ይሄኛውስ? ከአባቱ በቀር ማንም አልሰማውም። ውሸት አንዴ ቤት ከገባ ተመልካች አይፈልግም።

ኮርስ ለመቀየር አንድ ሳምንት ይሰጣል። ሰኞ በቢሮው ደጃፍ አለፈ፣ አልገባም። ማክሰኞም አለፈ። ረቡዕ አልጀብራ ክፍል ገባ፤ ያፌት ከጎኑ ያለውን ወንበር ሳበለትና "እንኳን ከሰው ተራ ገባህ" አለው። ሦስት ዓመት የተመኘው ወንበር ነው። ተቀመጠበት። ጎረበጠው።

ሐሙስ የገበያ ቀን ነበር። ሰዓቱን ሲያይ ዋለ። ስምንት ሰዓት፤ አሁን የአዋሳው ሰልፍ ይገፋፋል። ዘጠኝ ሰዓት፤ አሁን የአባባ ድምፅ ይዘጋል።

ዓርብ የመጨረሻው ቀን ነው። ገባ። ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጠችው። የተመዘገበበት ኮርስ፣ የሚቀይርበት ኮርስ፣ ምክንያት። ምክንያት ለሚለው አንዲት ባዶ መስመር አለች።

"የሰዓት መጋጨት በለው" አለችው ጸሐፊዋ። "ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ያፌትና ሁለት ጓደኞቹ መስኮቱ ጋ ቆመው ያያሉ። ይርዳው እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ፣ ደግሞ አነሳ። ከዚያ "አባቴ ተራ አስከባሪ ነው" ብሎ ጻፈ።

መምህርት ሰናይት አነበቡት። "ባለፈው የለም ብለኸኝ አልነበር?"

"ዋሽቼ ነው።"

ፈረሙለት።

ያፌት ሳቀ ወይ? ሳቀ። አልዋሻችሁም፣ እስኪመረቁ ድረስ ፊሽካ ሲለው ኖረ፣ ይቅርታም አልጠየቀም። የሚያዋርድ ሰው ያዋረደበትን ቀን ይረሳል፤ የተዋረደው ነው ሰዓቱን ጭምር የሚያስታውሰው። ብቻ ከዚያ ወዲያ ይርዳው ፊሽካ ሲሉት ቀና ብሎ "አቤት" ማለት ጀመረ።

እናንተስ ወገኖቼ? እናንተ ማንን ነው የለም ያላችሁት?

መኪናችሁን ቆልፋችሁ ስትገቡ፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆሞ ወንበር የሚያሳያችሁን ሰው ስሙን ታውቃላችሁ? አሥራ አራት ዓመት ቆሟል። ፊት ረድፍ ከተቀመጣችሁት አንዱ የእናቱ ልጅ፣ የገዛ ወንድሙ ነው። በር ላይ ስላለው ሰው ሲጠየቅ "የሰፈራችን ልጅ ነው" ይላል። ስም አልጠራም። እሱ ያውቃል። በር ላይ ያለውም ያውቃል።

ማን እንዳይስቅባችሁ ነው የመረጣችሁትን የመረጣችሁት? ሥራችሁን፣ ሰፈራችሁን፣ የልጆቻችሁን ስም እንኳ? የሳቀባችሁ ሰው ዛሬ ያስታውሳችኋል? በልቶ፣ ጠጥቶ ተኝቷል። እናንተ ግን እስከ ዛሬ ለእሱ ፈተና ትቀመጣላችሁ።

እኛ የምንቀርብበት ቢሮ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ አልተነገረንም። ቅጹ እጃችሁ ላይ ነው። መስመሯ ባዶ ናት። ጌታ ያነባታልና፣ የሰዓት መጋጨት ብላችሁ እንዳትጽፉባት።