ቀይ ጥለት ያየው ዘበኛ

«አንድ ባለጸጋ ነበረ» ብለው ጀመሩ አዋላጇ ሲስተር ፀዳለ።

ለጥያቄ መልስ መስጠታቸው ነው። ስንዱ ትናንት ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላ፣ ዛሬ «ልጄ ጤነኛ ነው፤ ታዲያ የሾተላይ መርፌ ለምኔ?» ብላ ክንዷን በጋቢ ሸሽጋለች። እናቷ አትጠገብ ሾተላይ የሚለውን ቃል ስትሰማ አንገቷን ደፋች። በኩሯን በሰላም ወልዳ፣ ከዚያ ወዲያ እርግዝናው እየተከታተለ ሲጨናገፍባት፣ ኋላ ከመጣችው ከስንዱ በቀር የተረፈላት የለም። ጎረቤት «ልጅ የሚበላ ገላ» ሲላት ኖራለች።

«የባለጸጋው ቤተሰብ ነጭ ለባሽ ነው፤ ጥለት የሚባል አያውቅም። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ አንዴ ያየውን የማይረሳ፣ ሌባ ስሙን ሲሰማ መንገድ የሚቀይርለት ጎበዝ ነበር። ባለጸጋው ልጁን ቀይ ጥለት ለሚለብስ አገር ሰው ዳረ። የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ተሸፋፍኖ ገብቶ አያቱ ቤት ከረመ። ሲወጣ ግን ጥለቱ በበሩ እሾህ ተያዘና ክሩ ተበጥሶ ቀረ። ዘበኛው ክሩን አነሳው። ‹ይሄ የእኛ ቤት አይደለም! ባዕድ ሳላየው ገብቶ ወጥቷል!› ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ጥለት ያየበትን ሁሉ ከደጅ በዱላ መለሰ፤ የጌታው የልጅ ልጆች መሆናቸውን ማን ነግሮት! አንዷ ብቻ እንደ አያቷ ነጭ ለብሳ መጣች፤ እጅ ነስቶ አስገባት።

«ሰው ‹ይሄን ጨካኝ አባረው› አለ። ባለጸጋው ‹አላባርርም፤ እሱ ባይኖር ቤቴ የጅብና የሌባ መጫወቻ ነበር። አላወቀም እንጂ አልከዳኝም› አለ።

«ያቺ ነጭ ለባሽ አድጋ የራሷን ቤት ስትሠራ የዘበኛውን ወንድም በሯ ላይ አቆመች። የእሷም የመጀመሪያ እንግዳ ቀይ ጥለት ለባሽ ሆነ። እንግዳው ገና ከመውጣቱ ባለጸጋው ራሱ፣ ካለፈው ተምሮ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዘበኛው ሳያያቸው፣ እሾሁ ላይ የቀሩትን ክሮች ለቀመ። ቀጥሎ የመጣው ባለ ጥለት እንግዳ ያለ አንዳች ዱላ ገባ።»

ሲስተር ወደ ስንዱ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ቤቱ ማህፀንሽ ነው፤ ዘበኛው በደምሽ ውስጥ በሽታን የሚዋጋልሽ ኃይል። ቀይ ጥለቱ አንቺ የሌለሽ፣ ልጅሽ ከአባቱ የወረሰው የደም ምልክት ነው። በምጥ ጊዜ ደሙ ወዳንቺ ጠብ ይላል። መርፌው ያንን ይለቅምልሻል፤ ዘበኛሽ አንዴ ካየ ግን ማስረሻ የለውም። ለተወለደው አይደለም የምወጋሽ፣ ገና ለሚመጣው ነው።»

«እማዬስ?» አለች ስንዱ ቀስ ብላ።

«ለእናትሽ ክሩን የለቀመላት አልነበረም። ያንቺ ደም የእሷን መሰለ፣ አለፍሽ። ገላዋ ልጅ አልበላም፤ ቤቱን ጠበቀ። እንዲህ ያለ ብርቱ ዘበኛ ያላት ሴት አንገት አትደፋም።»

አትጠገብ ቀና አለች። ስትወቀስበት የኖረችው ገላ ብርቱ ሲባል መስማቷ ነው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ከወንበሩ ተነሳችና የልጇን ጋቢ ገለጠች።

«ክንድሽን ስጪያቸው እንጂ!» አለች፣ ድምጿ ክፍሉን ሞልቶት። «የእኛ ቤት ዘበኛ እኮ እንደዋዛ የሚታይ አይደለም!»