ሳተላይቶቹን ያስታረቁት ሽማግሌ

አንድ ቀን በአንድ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ሁለት ሳተላይቶች ተጣሉ።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ እንግዳወርቅ በማግስቱ ልጃቸውን ይድራሉ። ሙሽሪት ሠርጌ ሜዳ ላይ፣ ሰማይ ስር ካልሆነ ብላ አኩርፋለች። እናቷ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ አማቾቻችን ፊት ምን ይውጠናል፣ ድንኳን ይተከል ብለው ይነተርካሉ። አቶ እንግዳወርቅ መሥሪያ ቤቴ ያለው ይሆናል ብለው ሁለቱንም ዝም አሰኝተው ወጡ። አየር ትንበያን የሚያህል መሥሪያ ቤት እየመሩ በልጃቸው ሠርግ ቢበሰብሱ የሚደርስባቸውን ሳቅ ያውቁታል።

ቢሮ ሲደርሱ ግን ሌላ ጭቅጭቅ ጠበቃቸው። ወይዘሪት ፅጌማርያም የምትከታተለው ሳተላይት የምዕራቡን ሰማይ ሰማንያ በመቶ ደመና ሸፍኖታል፣ ነገ እኛ ላይ ነው ይላል። ባልደረባዋ ደጀኔ የሚከታተለው ሳተላይት ያንኑ ሰማይ በዚያው ሰዓት አይቶ ሃያ በመቶ ብቻ ይላል። ሁለቱም ባለሙያዎች የየራሳቸውን ሳተላይት እንደ ታማ ዘመድ ይከላከላሉ።

አቶ እንግዳወርቅ ደግሞ ሽምግልና ነፍሳቸው ነው። በሰፈራቸው ባልና ሚስት ከተጣላ እሳቸው ሳይጠሩ አይመሽም። ዘዴያቸው አንድ ነው፤ ይኼኛው ትንሽ ይለቃል፣ ያኛው ትንሽ ይለቃል፣ ከዚያ ይሳሳማሉ። አንድ ጥብቅ ደንብም አላቸው። ዋናው ባለጉዳይ ካልተገኘ ለእርቅ አይቀመጡም። የታረቁት በሳምንቱ መልሰው ቢደባደቡ ግን እሳቸውን አይመለከትም።

«ፅጌ፣ ለእኔ ስትይ ትንሽ ውረጂ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው። «ደጀኔ፣ አንተም ለሽበቴ ስትል ትንሽ ውጣ።»

ባይለየኝ የሚባል ምላሱ የማያርፍ የትንበያ ባለሙያ ከጥግ ተነሣ። አንደኛው ሳተላይት ስሱንም ደመና ይቆጥር ይሆናል፣ ሌላው ወፍራሙን ብቻ፤ መጀመሪያ ምን ምን እንደቆጠሩ እንይ፣ ካልሆነም በረንዳ ወጥተን ሰማዩን እንየው አለ። አቶ እንግዳወርቅ በዓይናቸው ገላመጡት። እርቅ ሊያልቅ ሲል ነገር የሚያከር ሰው አይወዱም። ፅጌማርያም እየከፋት ወረደች፣ ደጀኔም እየተነጫነጨ ወጣ፣ ሃምሳ ላይ ተገናኙ። ተነሥተው እንዲጨባበጡም ተደረገ። ሳተላይቶቹ እዚያ ላይ ሆነው ይህን ሁሉ አልሰሙም።

ኃላፊው ደስ ብሏቸው ቤታቸው ገቡ። የመሥሪያ ቤቱ ቃል ግማሽ በግማሽ ነውና የሜዳው እኩሌታ ድንኳን ተተከለበት፣ እኩሌታው ለሰማይ ተተወ። ልጅም እናትም የየድርሻቸውን ስላገኙ ለእርቁ ምርቃት ብቻ ቀረው።

በሠርጉ ቀን የሙሽሪት ዘመድ ቀድሞ መጣና ድንኳኑን ሞላው። የሙሽራው ወገን እየዘፈነና እያጨበጨበ ደርሶ ክፍቱ ሜዳ ላይ ገና ወንበር ሳይስብ ሰማዩ ተዘረገፈ። የሙሽራው አባት አዲስ ነጭ ጋቢያቸው ከገላቸው ተጣብቆ አቶ እንግዳወርቅን ብቻ ያዩ ነበር። ከዚያ አስተያየት ስድብ በስንት ጣዕሙ።

አቶ እንግዳወርቅ የፕላስቲክ ወንበር ራሳቸው ላይ ገልብጠው ሲሯሯጡ ባይለየኝን አገኙት። እሱም ተጋብዞ እንደሌላው በስብሷል። ኃላፊው ንዴታቸውን የሚያወርዱበት ሰው ሲፈልጉ ቆይተው ነበርና አንቀው ሊይዙት ምንም አልቀራቸውም።

«ከሁለቱ ሳተላይቶች የዋሸን የትኛው ነው? አሁኑኑ ንገረኝ» አሉት።

ባይለየኝ ውሃውን ከፊቱ ጠረገና ወደ ሰማይ አንጋጠጠ።

«እነሱማ ታርቀዋል ጋሼ» አላቸው። «ዋናውን ባለጉዳይ ሳንጠራው ተቀመጥን፤ ይኸው ራሱ መጣ።»