ከቡድኑ ማን ይቀነስ?

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት የእግር ኳስ ቡድኑን አዳራሽ ሰብስበው ለግምገማ ተቀመጡ። ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ሲሸነፍ ከርሟል።

«ተጫዋቹ በዝቷል፣ በጀቱ አልቋል፣ የትምህርት ውጤታችሁማ ያሳፍራል!» አሉና ምላሰኛውን ተጠባባቂ በረኛ አስነሱት። «ማን ይቀነስ? ስም ጥራ! ካልጠራህ የምትቀነሰው አንተ ነህ።»

ጓደኞቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት» አለ በረኛው፣ «ባለፈው ለጨዋታ ክልል ስንወጣ፣ እርስዎና ኃላፊዎችዎ በልዑክ ስም አውቶቡሱን ሞልታችሁት፣ እኛ ቦታ አጥተን በስምንት ሰው ገጠምን። ተጫዋቹማ ያኔ ተቀንሷል። አሁን የሚሻለው እናንተው ብትሰለፉ ነው። ወንበሩን ይዛችኋል፣ አበሉን ወስዳችኋል፣ ዲግሪውም አላችሁ፤ የቀራችሁ ማልያ መልበስ ብቻ ነው።»