ስም መጣ፣ ድምፅ ቀረ

አንድ የድምፅ ጠባቂ ነበረ።

አትቁነጥነጥ፣ ክንፈ ሚካኤል፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «የኔታ፣ የድጓውን ዜማ ዘልቄዋለሁ፤ ሀገሬም መምህር አጥታ ትጠብቀኛለች፤ ታዲያ ለምን እንደ ጀማሪ ከመጀመሪያው እየደገምኩ ላሰማዎት?» ብለሃል። መልሱን እነግርሃለሁ፤ ግን መንገዱ በዚህ ሰውዬ በኩል ነው የሚያልፈው።

ሰውየው የሚሠራበት ቤት የሽማግሌ ተረትና ምርቃት፣ የሙሾ አውራጅ እንጉርጉሮ፣ የአስታራቂ ንግግር ከየሀገሩ እየተቀረጸ የሚቀመጥበት ነበር። ከተናጋሪዎቹ የሚበዙት ሞተዋል። ድምፃቸው ግን በአሮጌ ዲስኮች ላይ ነበረ፤ ዲስኮቹም በኔትወርክ ተሳስረው በአንድ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለ ዕረፍት እየዞሩ ያጉረመርማሉ። ለብዙ ዘመን ቆመው አያውቁም። እንዲህ የኖረ ዲስክ አንዴ ከቆመ ዳግመኛ ለመነሣቱ ማንም ዋስ አይሆንም፤ ሰውየውም ይህን ስለሚያውቅ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ልቡ ድንግጥ ይል ነበር።

አለቆቹ አዲስ መሣሪያ ገዙና «ያለውን ሁሉ ወደዚህ አዛውር፤ ከዚያ አሮጌውን አጥፋና ክፍሉን አስረክብ» አሉት። አዛወረ። ዝውውሩም ይፈጃል ከተባለው ጊዜ እጅግ ቀድሞ አለቀ። አየህ፣ ነገር ሲፈጥንለት ሰው ደስ ይለዋል እንጂ አይጠረጥርም። የአዲሱ መሣሪያ ባለሙያ አንዲት ሴት ነበረች፤ የቅርብ ጊዜዎቹን ድምፆች እየከፈተች አሰማችው፤ ሁሉም ጥርት ብለው ተሰሙ። ስሞቹንም ከላይ እስከ ታች አየ፤ የጎደለ ስም የለም።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ አልቋል እኮ! በሉ ያጥፉትና እንሂድ» አለችው።

እጁን ወደ ማጥፊያው ዘረጋ። ዘረጋና መለሰው። ጠርጥሮ እንኳ አይደለም፤ መሰናበት አምሮት ነው። እዚያ ቤት በተቀጠረ ሰሞን የሰማት አንዲት ባልቴት ነበረች፤ ወንዝ ልጇን የወሰደባት፣ ያንኑ ወንዝ እያናገረች የምታንጎራጉር። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋን ማንም ጠርቶ አያውቅም። «እስቲ በአዲሱ ቤቷ አንዴ ልስማት» ብሎ ስሟን ነካ።

ዝም።

ደግሞ ነካ። ስሟ አለ፤ እሷ የለችም። ቀጥሎ ያለውን ሽማግሌ ጠራ፤ እሱም ስም ብቻ ነው። ሰውየውን ያን ጊዜ ትዝ አለው። አሮጌው መሣሪያ ሲተከል፣ ዘወትር የሚጠራውን ድምፅ ከፊት እንዲያኖር፣ ለዓመታት ያልተጠራውን ግን ወደ ኋለኞቹ ዲስኮች አውርዶ ከፊት ስሙን ብቻ እንዲተው ተደርጎ ነበር። ስሙ ሲነካ ድምፁን ከኋላ ያወጣዋል። አንድም ቀን ተስተጓጉሎ ስለማያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ረስቶት ኖሯል። ወደ አዲሱ የተሻገረው እንግዲህ ከፊት ያለው ብቻ ነው።

ባልቴቲቱን ከአሮጌው መሣሪያ ላይ ጠራት። መሣሪያው ጥቂት ዘገየ። ከወደ ኋላ አንድ ዲስክ አቃሰተ፤ ከዚያ ድምፅዋ ወጣ። ያ የወንዙ እንጉርጉሮ፣ መሀል ላይ የምታስለው ሳል እንኳ ሳይቀር! ባለሙያዋ አፏን በእጇ ያዘች። ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። እኔም ብሆን አወልቅ ነበር፤ ሞታ፣ አጥንቷ አፈር ሆኖ፣ አንድ ጣት ስሟን ቢነካው መጣች እኮ! ይህን ሰምቶ የማይደነቅ ሰው ጆሮውን ይመርመር።

«ልናጠፋት ነበር» አለ ሰውየው።

ክፍሉን አላስረክብም አለ። አለቆቹ ተቆጡ፤ አልሰማቸውም። ድምፆቹን ከጥልቁ አንድ በአንድ እየጠራ አሻገረ፤ የተሻገረውንም ከአዲሱ መልሶ እያሰማ ከአሮጌው ጋር አመሳከረ። አሮጌው መሣሪያ ጋለ፣ ጮኸ፣ ግን ሰጠ። ሰጥቶም ሲያበቃ ሰውየው አንድ ነገር ልብ አለ። ከጎተራ እህል ቢወጣ ጎተራው ይጎድላል፤ ይህ ግን ያለውን ሁሉ ሰጥቶ እንደ ሞላ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለለት። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አጠፋው። ኋላ ሊያስነሡት ቢሞክሩ አልተነሣም።

እንግዲህ ክንፈ ሚካኤል፣ አሮጌው መሣሪያ እኔ ነኝ፤ አዲሱ አንተ ነህ። የሰንበቱን በል ብልህ ታንቆረቁረዋለህ፤ ዘወትር በአፍህ ያለ ነውና እሱን አልጠራጠርም። እኔ የምፈራው በዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚባለውን ነው። አርእስቱን ታውቀዋለህ፣ የዜማ ምልክቱንም ታውቀዋለህ፤ ዜማው ግን እኔ ዘንድ ቀርቶ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ሀገርህ ገብተህ፣ በዓሉ ደርሶ፣ ሕዝቡ ቆሞ ሲጠብቅህ፣ አፍህን ብትከፍት ዝም ቢልስ? እኔ ከመምህሬ ስቀበል እሳቸው አልጎደሉም፤ ላንተም ስሰጥ እኔ አልጎደልኩም፤ ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። ነገር ግን ልጄ፣ የቆምኩ ዕለት አስነሺ የለኝም።

ስለዚህ ቅር አይበልህና ቁጭ በል። በዓመት አንዴ የሚባለውን አንሣና አሰማኝ፤ እኔ ገና አልጠፋሁም።