ተራራውን ያልነኩት ዱላዎች

አንድ ሠዓሊ በሕንድ አገር ነበረ፤ ጎፒናት ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ ለቤተ መቅደስ ሲሥል ኖሮ ዓይኑ ደከመበት። "ይቺን የመጨረሻዋን ሥዕል ሳልጨርስ ብርሃኔን አትውሰድብኝ" እያለ ይጸልይ ነበር።

ሥዕሉ ሕንዶች ከጥንት ጀምሮ የሚያወሩት ታሪክ ነው። የዝናብ አምላክ ተቆጥቶ መንደሩን በጎርፍ ሊያጠፋ ሲነሣ፣ ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው ተራራ ነቅሎ በትንሿ ጣቱ እንደ ጃንጥላ ያዘላቸው። እረኞቹም ከሥሩ ተጠልለው፣ እናግዘው ብለው ዱላቸውን ወደ ላይ ደገፉ።

ቤተ መቅደሱን ያሠሩት ባለጠጎች ይህን ሲሰሙ "በእረኞቹ ፈንታ የኛን መልክ ሣልልን" አሉ። እሺ አለ። አንዱ መጥቶ "የኔን ዱላ ወፈር አድርገው" ይለዋል። ሌላው "የኔ ከሱ ካነሰ እዚህ ደጅ አልደርስም" ይላል። የእህል ነጋዴው ዳያራምማ ምሰሶ የሚያህል አሣለ።

አንድ ቀን አንዲት ውሃ ቀጂ አሮጊት ልትሳለም ገባች። ቆማ ቆማ አየችና፣

"ልጄ፣ ይሄ መሐል የቆመው ምን ይሠራል?" አለችው።

"እንዴ እናቴ! ጌታችን ነው እኮ።"

"ጌታችንማ በጣቱ ተራራ ይዟል። የዚህ ጣት የት ገባ?"

ሠዓሊው ተጠግቶ በዚያ በደከመ ዓይኑ ፈለገ። ጣቲቱን ዱላዎቹ ሸፍነዋታል። "አዬ ጉዴ! ተራራውን ለነጋዴ አሸክሜዋለሁ" ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ዱላዎቹን አንድ በአንድ አቀጠነ፤ የሁሉንም ጫፍ ከተራራው በፀጉር ስንጥቅ ያህል አሳጠረ።

በነሱ ወግ የአምላኩ ዓይን የሚሣለው በስተመጨረሻ፣ በበዓሉ ዕለት፣ ሕዝብ ፊት ነው። ባለጠጎቹ ካልወደዱት ሥዕሉ ዓይን አልባ ሆኖ ሊቀር ነው። ጎፒናት ደግሞ ሌላ ሥዕል የሚሥልበት ዓይን የለውም።

በዓሉ ደረሰ፣ መጋረጃው ተገለጠ። ዳያራም ቀረብ ብሎ አየና ጮኸ።

"አንተ ሽማግሌ፣ ጭራሽ ታወርክ እንዴ? ዱላዬ ተራራውን አልነካም!"

"አዎ ጌታዬ፣ አልነካም።"

"ታዲያስ?"

"ተራራውም አልወደቀም።"

ሕዝቡ ሳቀ። ዳያራም ፊቱ ቀላ። "እንዲያ ከሆነ ለምን ጨርሰህ አላጠፋኸውም?"

"እንዴት አጠፋዋለሁ ጌታዬ? ጌታችን ራሱ እረኞቹን አታስፈልጉኝም ብሎ ዱላቸውን አላስጣላቸውም። አጠገቡ ሲቆሙለት ደስ አለው እንጂ።"

ነጋዴው ቀና ብሎ ጣቲቱን አየ። በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "በል፣ ዓይኑን ሣልለት" አለ።

ወገኖቼ፣ ጾማችንም፣ ጸሎታችንም፣ ምጽዋታችንም እንደዚያው ነው። ፈጣሪ ቸግሮት አይደለም የሚቀበለን፤ ወዶን ነው። ስለዚህ መልካም መሥራቱን አንተው፤ "እኔ ባልኖር ኖሮ" ማለቱን ግን እንተው። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ትናንት ለተቸገረ ሰው ስትሰጡ፣ ሰውየው ከእጃችሁ በላይ ማንን አየ?